ሊጥ የለበሰ ሻኛ

ቀምሳ የማታውቀውን ምግብ ለእንግዳ የምታቀርብ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ አትፈልጉ፣ መቱ ከተማ ያለሁት እኔው ነኝ።

የጎሬው ባላምባራስ ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሲመጡ፣ ፈረንጅ እንዲህ ያደርጋል ሲባል በሰማሁት ብቻ፣ ሙሉ ሻኛ በድፎ ሊጥ ጠቅልዬ ጋገርሁ።

«እትዬ፣ ሥጋ የሚደበቀው ምን ሆኖ ነው? ማንስ ያረደው ነው?» አሉ ዳቦውን በጥርጣሬ እያዩ።

ጋብቻው ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ። «ጎረቤታችን በስመ አብ ብሎ ያረደው ነው» አልሁና በድንጋጤ ቆረስሁት። ቅርፊቱ ከሰል ሆኗል፤ ሥጋው ግን እሳት የሚባል አላየም። ምን አለ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ?

ባላምባራስ ጎንበስ ብለው አዩ። «ጥሬ ነው እንዴ? እንዲህ አይሉኝም ታዲያ! ቢላዋና ሚጥሚጣ አምጡ!»

ዳቦውን ማንም አልነካውም። ልጄ ግን ተዳረች። ዛሬ አማቷ ባላምባራስ «የእናትሽን የፈረንጅ ምግብ ሥሪልን» ሲሏት፣ እሳት አታነድም።