የወደዱትን ጠመንጃ ማጣጣል

ከደብዳቤ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግን ልቤ ላይ ያለውን እንድጠይቃችሁ ፍቀዱልኝ፦ የወደደውን ዕቃ የሚያጣጥል ሰው አጋጥሟችኋል? ከጋሼ ደምሴ የሚብስ አታገኙም።

ጋሼ ደምሴ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር የምሠራበት ምግብ ቤት ደንበኛ፣ የታክሲ ሹፌር ናቸው። እሑድ እሑድ ከባለቤታቸው ጋር ኢላማ ተኩስ ይወስዱኛል። ቆርቆሮ መትቼ ስጥል እኔ ዓይን አፋሯ እልል እላለሁ። ሶ የራሴን ጠመንጃ ልገዛ ከጋሼ ጋር ጋርዴና ወዳለ የጠመንጃ መደብር ሄድን።

ሻጩ ትንሽ ጥይት የምትጎርስ፣ ራሷ የምታቀባብል ቀላል ጠመንጃ አወረደልን። ትከሻዬ ላይ ሳስደግፋት በልኬ የተሠራች መሰለችኝ። የጋሼም ዓይን በራ። ወዲያው ግን ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይቺ የዝንብ ማባረሪያ! በይ ተርጉሚለት።»

ተረጎምኩ።

«እንጨቷም ማገዶ ነው በይው!»

እሱንም አልኩ። መርካቶ ቢሆን ሻጩ በእናቱ ምሎ ዋጋ ይቀንስ ነበር። ይሄ ሰውዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ኦኬ፣ ካልወደዳችኋት አትግዟት» ብሎ መልሶ ሰቀላት!

ጋሼ ቤታቸው የተቃጠለ ያህል ክው አሉ። እኔ ግን ከየት እንደመጣ ባላወቅሁት ድምፅ፣ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት «እወዳታለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ሻጩ እየሳቀ አወረደልኝ፤ ባለው ዋጋ ገዛኋት።

ጋሼ ፌርፋክስ እስክንደርስ አኮረፉኝ። ከመኪና ስወርድ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ ሰው በሻጭ ፊት ወደድኩ ይላል? ለማንኛውም እሑድ መጀመሪያ የምተኩስባት እኔ ነኝ።»