እምቢ ባይ ሚንቾና የሰፈራችን ፍል ውሃ

በዓለም ላይ ያለ ሰፈር ሁሉ፣ መብራትና ውሃ ቢያጣ እንኳ፣ ተቃዋሚ አያጣም። እኛ ቡልጋሪያ ውስጥ ታላቅ ሰው በስሙ ፊት «ባይ» እየተባለ ይከበራል፤ ጎረቤቴም ባይ ሚንቾ ነው። እኔ ግን በአማርኛ ሳስበው አንድ ቃል ይጎድለዋል። ክቡርነታቸው እምቢ ባይ ሚንቾ ናቸው።

«እቃወማለሁ!» ይላል፣ ገና በሩን ሳይከፍት። ደረጃውን ቀለም እንቀባ ስንል ተቃወመ። እሺ ይቅር ስንል፣ «እንዲህ ተዝረክርካችሁ ልትኖሩ ነው?» ብሎ ተቃወመ። አንዴ «እንኳን ተወለድክ» ብንለው ዕድሜው ላይ ተከራከረን።

ታዲያ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ራይና አሮጌውን ፍል ውሃ እናድስ ብላ ተነሳች። ጉልላቱ ላይ በለስ በቅሎበት፣ ውስጡን ድመት ወርሶት ዘመን አልፎታል። የሰፈሩ አዛውንቶች በነጻ ይታጠቡበት፣ ልብሳቸውን ይጠቡበት፣ ትኩስ የቦሎቄ ሾርባም ይጠጡበት ነው ሐሳቧ። ዘጠና የደረሱ እናቷን ክረምቱን ሙሉ በማንቆርቆሪያ ነው የምታጥባቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ካልተስማማ አፍርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። ጎረቤት ሲባል ያው ሚንቾም አለበት።

«ዛሬ ሾርባ ትሰጫቸዋለሽ፣ ነገ አልጋ አንጥፊልን ይሉሻል!» አላት።

«እሰየው! ያንተን አነጥፍላቸዋለሁ።»

በስብሰባው ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ አንድ በአንድ ጠየቀን፤ ሁላችንም ተስማማን። የሚንቾ ተራ ሲደርስ፣ ጉድ በሉ፣ አፉን ሳይከፍት ራሱን ላይ ታች ነቀነቀ። እዚህ አገር ላይ ታች እምቢ፣ ግራ ቀኝ እሺ ማለት ነው። ሚንቾ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ በሆነበት ጀርመን ብዙ ዘመን ሾፌር ሆኖ ስለኖረ፣ በየትኛው አገር አንገት እንደሚናገር አይታወቅም።

«የኛውን ነው የጀርመኑን?» አለች ራይና። «እማዬ እኮ ሌላ ክረምት አትችልም፣ ባይ ሚንቾ።»

እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሰውዬው እስክሪብቶውን አነሳ።

«እንግዲህ እምቢ ብለዋል…»

«ማነው እምቢ ያለው?» ሚንቾ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። «እቃወማለሁ!»

«እሺ ብለዋል ልበል ታዲያ?»

«እሺ ሲወጣኝ ሰምተሃል? እምቢ አላለም ብለህ ጻፍ!»

ሰውዬው ላቡን ጠርጎ እንደተባለው ጻፈ፤ እምቢ ያለ ስለሌለም እድሳቱ ጸደቀ። ራይና እያለቀሰች ሳቀች።

ፍል ውሃው የተከፈተ ቀን በረዶ ይጥል ነበር። የራይናን እናት አቅፎ እስከ መታጠቢያው በር ያደረሳቸው ሚንቾ ነው፤ «ደረጃው አይረባም! በሩ ጠባብ ነው! ይሄም እድሳት ሆነና!» እያለ። እናትየው በፎጣ ተጠቅልለው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ ወጡ።

«ተመስገን፣ ሞቀኝ ልጄ» አሉት።

«እቃወማለሁ! ገና መች ሞቀዎት?» አለና ካፖርቱን አውልቆ ደረበላቸው።

ራሱ በሸሚዝ ቀርቶ ይንቀጠቀጣል። «ዕድሜ ይስጥህ» አልኩት በልቤ። ጮክ ብል ይቃወማል።