ጋሼ ለምን እና የአክስቴ ዊልቸሮች

በዚህ ምድር ላይ ጡረታ የወጣ ሥራ አስኪያጅን ያህል ሥራ የሚበዛበት ፍጡር የለም። ታውቁታላችሁ። ሠርግ ቤት የወንበሩን አደራደር የሚያርመው እሱ ነው። ሐኪም ቤት ወረፋ እየጠበቀ ተራ አስከባሪዋን የሚያሠለጥናት እሱ ነው። ቀብር ላይ እንኳ ጉድጓዱን አየት አድርጎ «ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ» ማለቱ አይቀርም።

ለእኛ የደረሱን ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን የሳሙና ፋብሪካ ሲመሩ የኖሩ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ፣ ትናንሽ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን በነጻ በሚያማክር የነጋዴዎች ማኅበር ውስጥ ተመዘገቡ፤ ማኅበሩም ለአንድ ዓመት በየማክሰኞው ወደ እኛ እንዲመጡ መደባቸው። እኛ ማለት አክስቴ፣ እኔና አንድ መካኒክ ነን። አክስቴ ነርስ ነበረች። በጓሮዋ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ የተሰበረ ዊልቸር የሚጠግን፣ ለሌለው ደግሞ የሚያውስ ድርጅት ከፈተች። ችግሩ፣ አክስቴ «አይሆንም» የምትል ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ልጃገረዶች ስፌት እንማር አሏት፤ እሺ። ልጆች ማጥኛ ቦታ አጡ፤ እሺ። አሮጌ ልብስ የሚያከፋፍል ጠፋ ሲሏት፣ እሱንም እሺ። መካኒኩ መፍቻ ፍለጋ የልብስ ክምር ውስጥ ሲዋኝ ይውላል። ባለዊልቸሮቹ ግቢው ውስጥ ጥላ እየተከተሉ ይጠብቃሉ። አክስቴ ከስታ ከስታ አንድ ቀን፣ «እኔ አሁንስ አልቻልኩም፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንዘጋዋለን» አለችኝ።

ክቡርነታቸው የመጡት በዚህ መሀል ነው። በተተኮሰ ሙሉ ልብስ፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። ግቢው መሀል ተቀምጠው ረፋዱን በሙሉ ዝም ብለው አዩን። ከዚያ አንዲት ቃል ተነፈሱ።

«ለምን?»

«ምኑ?» አለች አክስቴ።

«ስፌቱ። ለምን?»

«ልጆቹ ስለጠየቁኝ ነዋ።»

«እኛ ሳሙና ስንሸጥ» አሉ፣ «አንድ ሰሞን ሻማም እንሥራ ብለን ነበር። ሻማው ሳሙና ሳሙና ሸተተ፤ ሳሙናው አረፋ ከዳው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው ጋሼ ለምን ሆነ። በሩ ለምን ወደ ውስጥ ይከፈታል? ጎማው ለምን ከላይ ተሰቀለ? አንድ ጊዜ ሻይ አቀረብኩላቸውና ለምን በብርጭቆ እንደሆነ ጠየቁኝ። ማክሰኞ ሲደርስ ከዓይናቸው የምደበቅበት ጥግ እፈልግ ጀመር።

አንድ ማክሰኞ ግን ጥያቄያቸው ሌላ ነበር። «እትዬ፣ ነገ ብትዘጉ ማን ይቸገራል?»

«ሁሉም» አለች አክስቴ፣ ቅር ብሏት።

«ጠይቀዋቸዋል?»

አልጠየቀችም ነበር። እልህ ይዟት እኔን አስከትላ ወጣች። ልጃገረዶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ታች ሰፈር የተሻለ የስፌት ማሠልጠኛ እንዳለና ወደዚያ ያልሄዱት አክስቴን ላለማስቀየም እንደሆነ ነገሩን። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው ማጥኛ ክፍል ከፍቶላቸዋል፤ እኛ ጋ የሚመጡት ለጨዋታው ነው። በመጨረሻ ጫማ ሠሪው ደንበኛችን ሱቅ ደረስን። ሰውየው መዶሻውን አስቀምጦ ዊልቸሩን ዳበስ አደረገ።

«እናንተ ከዘጋችሁማ እኔም ዘጋሁ» አለ። «ከቤት በምን እወጣለሁ?»

ወደ ግቢያችን ተመለስን። አክስቴ ጋሼ ለምንን ስታይ እንባዋ መጣ። «ታዲያ ሌሎቹን ከበሬ ላይ ልመልስ? እኔ ሰው መልሼ አላውቅም።»

«አይመልሱ» አሉ እሳቸው። «እጃቸውን ይዘው የተሻለው ቦታ ያድርሷቸው።»

እንዲህም ሆነ። የልብሱን ክምር ለሰፈሩ ዕድር፣ የስፌት መኪኖቹን ለማሠልጠኛው ሰጠን፤ አንዱን መኪና ተሸክመው ያደረሱት ራሳቸው ጋሼ ለምን ናቸው፣ በዚያው በተተኮሰ ልብስ፣ «ቀጥ ብላችሁ ሂዱ» እያሉ ከኋላ እያዘዙን። ከብስክሌት መለዋወጫ አስመጪ ጋር እንድነጋገርም ላኩኝ። «ትርፍራፊ ጎማ ስጡን ብለሽ እንዳትለምኚ» አሉኝ። «ምን እንደምትሠሩ ንገሪው፤ ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ንገሪው፤ ከዚያ ዝም በይ።» ዝም ማለቱ ከሁሉ ከበደኝ። ሰውየው ግን ዝምታዬን መቋቋም አቅቶት ጎማ በየጊዜው ሊያቀርብልን ተስማማ።

ሁልጊዜ ልክ ነበሩ ማለቴ አይደለም። «ደንበኛ የሚከበረው ከበር ነው» ብለው ያማረ ከፍ ያለ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ አሠሩልን። ከኋላው በኩራት ቆመው የመጀመሪያውን ደንበኛ ሲጠብቁ፣ ከወዲያ በኩል የጫማ ሠሪው ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ ታች ነኝ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። ትንሽ አሰቡና፣ «ይህን ለምን እንደሠራሁት አላውቅም» አሉ። ወዲያው መጋዝ አምጥተው የጠረጴዛውን እግር አሳጠሩ፤ ለማንም አላመካኙም።

ከዚያ አንድ ቀን አክስቴ ከውስጥ ስትወጣ ግቢው ባዶ ነበር። ደነገጠች።

«ሰዎቹ ምን ሆነው ነው?»

«ተሠርቶላቸው ሄዱ» አላት መካኒኩ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

አክስቴ አላመነችም፤ በር ድረስ ሄዳ መንገዱን አየች። ተመልሳ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ጫማዋን አወለቀች። ብዙ ጊዜ ያልሰማሁትን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ቀና ስል እንቅልፍ ወስዷታል። ጋሼ ለምን በእግራቸው ጣት እየተራመዱ በሩን ገርበብ አደረጉት፤ ኮታቸውን አውልቀው ደረቡላት፤ መካኒኩ መዶሻ ሲያነሳም በዓይናቸው ገሰጹት። ስለ መዝጋት ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም።

ዓመቱ አለቀ። በመጨረሻው ማክሰኞ ሁላችንንም ጨብጠው፣ «ከእንግዲህ አላስፈልጋችሁም፤ የጥሩ አማካሪ ምልክቱ ይኸው ነው» ብለው ወጡ። እኔም እፎይ አልኩ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመጣ ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። በሩን እንዳሻኝ ከፈትኩ፤ ጎማውን ካሻኝ ቦታ ሰቀልኩ፤ ምንም አልጣመኝም።

በዚያው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ባለቤታቸው ናቸው።

«ልጄ፣ እናንተ ጋ እየዋሉ ቤቴ ሰላም ነበር። አሁን ማድቤቴን እያደራጁት ነው። ጨው የት እንደገባ አላውቅም። ባይሆን ለአንድ ዓመት እንኳ ብትይዙልኝ ብዬ—»

«እንይዛቸዋለን» አልኩ።

ገና ልመናቸውን አልጨረሱም ነበር። አክስቴ ከጎኔ ክንዴን ጎተተችኝና በሹክሹክታ፣ «ሐሙስንም ይጨምሩልን እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ።