ጋሽ ቆይ እና ባለ ስምንት ቀዳዳው ስዊች

በየቤተሰቡ አንድ «ቆይ እስቲ» ባይ አለ። የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ፣ ወይ ይዋሻል ወይ የሚያወራው ራሱ «ቆይ እስቲ» ባዩ ነው። ሰው አምፖል ሊገዛ ሲወጣ በር ላይ ያስቆማል፤ ካልሲ ለመግዛት ሦስት ቀን ያጠናል፤ ያልተነበበ የዋስትና ወረቀት ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛው የታላቅ እህቴ ባለቤት ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ክቡር ጋሽ ቆይ ነው የምንላቸው።

ፍሪጅ የገዙ ዕለት እህቴ በኀፍረት ልትሞት ነበር። ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲለፈልፍ ክቡርነታቸው ፍሪጁን ከግድግዳው ስበው፣ ተንበርክከው፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነባሉ። «ቆይ እስቲ፣ ስንት ዋት ነው የሚበላው?» ሻጩ አያውቅም። እሳቸው ነገሩት። ሰርግ ተጠርተው እንኳ ከሙሽሮቹ በፊት ያዩት ጄኔሬተሩን ነው።

ወደ ካሜራው ልምጣ። እማዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አምና በዝናቡ ጊዜ ጓሮ፣ የውኃ ታንከሩ ጋ አንሸራትቷት ወደቀች። ስልኳ ቤት ውስጥ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ስትጣራ ጎረቤት ባይሰማት ኖሮ... ተዉት፣ እሱን ማሰብ አልወድም። «ከቤቴ ንቅንቅ አልልም» ስላለች፣ ሁላችንም በየስልካችን እንድናያት ካሜራ ይግባላት ተባለ። አምስት ካሜራ! አራቱ ባሉበት የሚቆሙ፣ አንዱ አንገቱን የሚያዞር።

ስዊቹን እኔ እገዛለሁ ብዬ ተነሣሁ። ስዊች ማለት የካሜራዎቹ ገመድ ሁሉ የሚሰካበት ሳጥን ነው፤ በዚያው አንድ ቀጭን ገመድ ምስሉም ይመጣል፣ ኤሌክትሪኩም ይሄዳል። ለየካሜራው ሶኬት መፈለግ ቀረ! ሱቅ ገብቼ ቀዳዳውን ቆጠርኩ፤ ስምንት። ካሜራዬ አምስት። ሦስት ይተርፈኛል! እያፏጨሁ ወጣሁ።

ጋሽ ቆይ የእማዬ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ቆይ እስቲ። በጠቅላላው ስንት ዋት ይሰጣል?»

«ስምንት ቀዳዳ አለው እኮ ጋሼ!»

«ስለ ቀዳዳው ማን ጠየቀህ? ስምንት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ላይ የሦስት ሰው ምግብ ቢቀርብ፣ ስምንቱም ጠገቡ ማለት ነው?»

እስክሪብቶ አውጥተው ካርቶኑ ላይ ጻፉ። ካሜራ ቀን ቀን ትንሽ ነው የሚበላው። ሲመሽ ግን የጨለማ መብራቱን ያበራል፤ ያኔ አራቱ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ዋት፣ አንገቱን የሚያዞረው ሃያ አራት። «ሰባ ሁለት! ያንተ ሳጥን ጠቅላላ አቅሙ ስድሳ ነው።»

እኔ ግን ማን ሊሰማ! ካሜራ ገጣሚው ባለሙያ ሰካካው፤ አምስቱም ምስል ቁልጭ ብሎ መጣ! ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ቆይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቆይ እስቲ፣ ይምሽ» አሉ።

መሸ። የካሜራዎቹ መብራት ተራ በተራ በራ፤ ከዚያ አንዱ ድርግም አለ። የትኛው ቢሆን ጥሩ ነው? የውኃ ታንከሩ! ከአምስቱ እሱ! እማዬ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በእሳቸው እጅ ገባ፤ ሁለት ሳምንትም ፈጀ። ባለሱቆች ሲያዩዋቸው ወደ ጓዳ መግባት ጀመሩ። ባለ መቶ ሃያ ዋት ስዊች ተመረጠ። «እስከ ጫፍ አይጫንም፤ ትንፋሽ ይኑረው» አሉ። በቃ ተገላገልን ስል፣ «ቆይ እስቲ፣ መብራት ሲጠፋስ?» መጠባበቂያ ባትሪ መጣ። ስዊቹ ተሰካበት። «ቆይ እስቲ! የካሜራዎቹ ምስል መቅጃም፣ ኢንተርኔት የሚያመጣው ራውተርም እዚሁ ባትሪ ላይ ይሰኩ። ካሜራው በርቶ ኢንተርኔቱ ከሞተ ማን ሊያየው ነው?»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ የምንጠብቀው እኮ ቤተ መንግሥት አይደለም!»

«አይደለም» አሉ፣ ገመዱን እያሰሩ። «እናታችንን ነው።»

የገመዱን ጫፍ ያዝኩላቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋበት። ቢሮዬ ሆኜ ዝም ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ምስሉ አለ! አምስቱም! ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የታንከሩን ካሜራ አየሁት። እማዬ መሬት ላይ ናት። ቁርጭምጭሚቷን ይዛለች።

ክው አልኩ። ከእሷ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ያለሁት። የምይዘውን አጥቼ ጠረጴዛ ስዞር፣ ስልኬ ላይ የግቢው በር ብርግድ አለ። ጋሽ ቆይ! ቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። በአንድ እግራቸው የእህቴን ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ በሌላው ካልሲ ብቻ። እኒያ ለአምፖል ጥናት የሚያካሂዱ ሰው እርጥቡን ጓሮ በሩጫ አቋረጡት!

እሷን ከብብቷ ደግፈው ሊያነሡ ሲሉ የእማዬ ድምፅ ከካሜራው በስልኬ መጣ።

«ቆይ እስቲ ልጄ! ሌላው ጫማህ የት ሄደ?»

ቢሮ መሀል ቆሜ ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ። እግሯ ወለም ብሏት ነው እንጂ አልተሰበረም። ማታ ደውዬ «እንዴት አወቁ ጋሼ?» አልኳቸው።

«መብራቱ ሲጠፋ ባትሪው መያዙን ላጣራ ብዬ ካሜራውን በስልኬ ከፍቼ ነበር» አሉኝ። ከዚያም ተቆጡ፤ «ታንከሩ ጋ ያለው ሲሚንቶ ለምን ያሟልጫል? ነገ ይታያል።»

ዛሬ ለራሴ ቤት የውኃ ማሞቂያ ልገዛ መጥቼ ሱቁ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሻጩ «ግባ እንጂ!» ይለኛል። ጋሼ ጋ ደውያለሁ፤ እየመጡ ነው። እስኪመጡ ንክች አላደርግም።