መልኳ ይለወጥ ወይስ ይቆይ

ሌሊቱን በእንቅልፌ የደረስኩበትን አገር ልንገራችሁ። ቦሌ መንገድ ነበር፤ ግን ሁሉ ነገር ተገልብጧል። ዝናቡ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይዘንባል፤ ሰው ጃንጥላውን ከእግሩ ሥር ዘርግቶ ቆሟል። መራመድ የሚባል ነገር የለም። ሰው ባለበት ሲቆም መንገዱ ራሱ እየሄደ የፈለገበት ያደርሰዋል። የትራፊክ መብራቶቹ በእግራቸው እየዞሩ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ባልፍ ይከፋዎታል?» እያሉ እግረኛውን ያስፈቅዳሉ።

እኔ ስንሻው እባላለሁ፤ የአቶ ልሳነወርቅ ሾፌር ነኝ። ጋሼ ሴራሚክ አስመጪ ናቸው። ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና አላቸው፣ የቅንጦት የሚባለው ዓይነት። በእውኑ ዓለም እሷ ናት እኛን የምትሸከመው። በሕልሜ ግን ጋሼ መኪናዋን ዛጎል በተሰፋበት አንቀልባ አዝለዋት ከፊቴ ቆመዋል። የፊት መብራቶቿ በትከሻቸው በኩል ብቅ ብለዋል፤ እንደ ዓይን ተከድነዋል።

«ጋሼ፣ ልቀበልዎት?» አልኳቸው።

«ቀስ በል! አሁን ገና ነው የተኛችው» አሉና ወገባቸውን ወዝወዝ እያደረጉ «እሹሩሩ» ይሉ ጀመር።

ዙሪያዬን ሳይ ባለጸጋ የተባለ ሁሉ መኪናውን አዝሏል።

«ሁሉም ወዴት ነው?»

«ስታዲየም። ዛሬ ፍርድ ነው። የእነዚህ መኪኖች መልክ ይለወጥ ወይስ ይቆይ የሚባልበት ቀን።» አንቀልባውን ጠበቅ አደረጉ። «ከተለወጠች አታውቀኝም፣ ስንሻው። መልኩ የተለወጠ መኪና ባለቤቱን ይረሳል።»

«እንግዲያው እንዳለች ትቆይ።»

«ከቆየችም የሚያያት አይኖርም። ያልታየ መኪና ደግሞ ይጠፋል።»

ይህን እያሉኝ ሳለ አንዲት ሴትዮ በአጠገባችን አለፉ። ጀርባቸው ላይ ያለው አንቀልባ ባዶ ነው። «ትናንት እንኳ ነበረች» ይላሉ ላገኙት ሁሉ፤ «አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢያያት ኖሮ!» ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ደንግጬ የእኛን መኪና ትኩር ብዬ ማየት ጀመርኩ። ዓይኔን ከነቀልኩ የምትጠፋ መሰለኝ።

መንገዱ ስታዲየም አደረሰን። መኪኖቹ ትራስ ላይ ተቀመጡ፤ ባለቤቶቹ መሬት ላይ ተደረደሩ። ዳኛዋ እማማ ድንቄ የሚባሉ ማየት የተሳናቸው አሮጊት ናቸው። በዚያ አገር መልክ ላይ የሚፈርደው የማያይ ሰው ብቻ ነው፤ የሚያይ ሰው ይሸወዳል ይላሉ።

እማማ ድንቄ የመጀመሪያውን መኪና በመዳፋቸው ዳበሱና ሳቁ። «ይሄ የተላሰ ከረሜላ ነው።» ወደሚቀጥለው አለፉ። «ይሄም የተላሰ ከረሜላ ነው። ልጆቼ፣ ሁሉንም እንዲህ የላሰብኝ ማነው?»

ተሰብሳቢው አንገቱን ደፋ።

የእኛ ተራ ሲደርስ ጋሼ አንቀልባውን ፈቱ። አሮጊቷ ከአፍንጫዋ ጀመሩ።

«አፏ የት አለ?»

«አፍ የላትም፣ እማማ» አሉ ጋሼ። «ኤሌክትሪክ ናት፤ እንደ ድሮዎቹ አየር አትስብም።»

«የበሯ እጀታስ?»

«ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው ሲቀርባት ነው የሚወጣው።»

«ዓይናፋር ናት በለኛ» አሉና ጆሯቸውን ለጠፉባት። ከዚያ በድንገት «ዝም በሉ!» አሉ።

ዝናቡ እንኳ ባለበት ቆመ፤ ጠብታዎቹ በደረታችን ትክክል ተንጠልጥለው ቀሩ። እማማ ድንቄ ጆሯቸውን ሳያነሡ፣ «ሾፌሯ ማነው? ና፣ አንተም ስማ» አሉ።

ተንበርክኬ ጆሮዬን ብረቷ ላይ አሳረፍኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ ውሃ ሲወድቅ ሰማሁ። ትልቅ ውሃ። ገደሉን የሚያናውጥ፣ ድንጋይ የሚያንከባልል፣ ክረምት የሞላው ወንዝ። ግድቡ ላይ ደርሶ ሲገታ፣ ሲጠራቀም፣ ከዚያ ተለቆ ሲወረወር ሰማሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ስነዳት ድምፅ የላትም ስል ነበር።

«ወንዝ ነው» አልኩ።

«ወንዝ ነው» አሉ እማማ ድንቄ። «ይሄ ውጪው ልብሷ ነው። ስለ ልብስ ነው እንዴ የሰበሰባችሁን? መልኳን ማን አየና!»

ነጩን ቆርቆሮ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ከተኛ ሕፃን ላይ ብርድ ልብስ እንደሚገፍፍ ሰው ቀስ አድርገው ገፈፉት።

ወንዙ ፈሶ አልሄደም። በመኪና ቅርጽ ቆመ፤ ጎማው ውሃ፣ ጣሪያው ውሃ። ዓሦች በወንበሮቹ መካከል ይመላለሳሉ። መብራቶቿ በነበሩበት ቦታ የጠዋት ፀሐይ ሐይቅ ላይ ስታርፍ ያለው ብልጭታ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሞዴሏ የስንት ነው?» ያለ አንድም ሰው የለም።

ጋሼ ብቻ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «ታውቀኛለች?» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሳስቶ። «እማማ፣ ታውቀኛለች ወይ?»

ውሃው ቀስ ብሎ መጥቶ የጋሼን ጫማ አራሰ፤ እስከ ጉልበታቸው ወጣ፤ ከዚያ አቀፋቸው። ወደብ ላይ ዕቃ ሲያዝባቸው እንኳ ፊታቸው የማይለወጥ ሰው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

እኔም ገባሁ፤ አልረጠብኩም። መሪ የለም። እጄን ውሃው ውስጥ ስከት ሞገዱ ወዳየሁበት ዞረ። ቦሌ መንገድ መሄዱን ትቶ ጸጥ ብሎ ተኛልን። የትራፊክ መብራቶቹ ዳር ይዘው እጅ ነሡ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ እጄን ለማሳረፍ ማን አድርጎኝ ነው እያልኩ መተንፈስ እንኳ ፈራሁ።

«ጋሼ፣ የት ልውሰድዎት?»

«የትም። ብቻ አትቁም።»

ይህን ሲሉ አንድ ነገር አገሳ። ወንዙ ተሸበረ። ደግሞ አገሳ። ዓሦቹ ተበተኑ፤ ዓይኔን ገለጥኩ።

ጋሼ ግቢ ካለችው ሰርቪስ ቤት፣ አልጋዬ ላይ ነኝ። ነግቷል። የመስኮቱ መስታወት ይንዘፈዘፋል። ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ሮጬ ወጣሁ።

መኪናዋ ግቢው መሐል ቆማለች። አፍንጫዋ ላይ እንደ መስኮት ፍርግርግ ያለ ጥቁር ብረት ተበይዶባታል። ከኋላዋ ክንዴን የሚያክሉ ሁለት ጭስ ማውጫዎች ተሰክተዋል። ከሥሯ ድምፅ ማጉያ ታስሮላት እንደ ናፍጣ ከባድ መኪና ታገሳለች። ጋሼ መሪውን ይዘው ፊታቸው በርቷል።

«ስንሻው! ሰማሃት? ጋራዥ አሳድሬ መልኳን አስለወጥኳት። አሁን መኪና መሰለች!»

ወደ ኋላዋ ዞሬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጭስ ማውጫዎቹ ውስጣቸው ጥርት ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ከእነዚህ እኮ ምንም አይወጣም።»

«አውቃለሁ» አሉ በመስኮቱ ብቅ ብለው። «ጭሱ ማክሰኞ ይገጠማል።»