የፊታውራሪ አንድ ዓይን

ሰው በጎኑ ዞሮ ፎቶግራፍ ሲነሣ ሳይ እስከ ዛሬ ልቤ ድንግጥ ይላል። ልጆቼ ይስቁብኛል። አሁን እኮ እንዲህ ነው የሚያምረው ይሉኛል። እሺ፣ ይሁን፤ ማን ከለከላቸው? እኔ ግን የሰው ፊት በሁለት ዓይኑ ሲያየኝ ነው የምተማመነው። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ። ሥራ ያለበት ካለ አሁኑኑ ይሂድ፤ እኔ ወሬ ከጀመርኩ ቶሎ አልጨርስም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ንፋስ መውጫ ጠላ ቤት ነበረኝ። ንፋስ መውጫን ለማታውቁ፣ ስሙን ያወጣው ሰው አልዋሸም፤ ነፋሱ ሌላ መውጫ ያጣ ይመስል ሁሉም በኔ በር ነበር የሚያልፈው። ባለቤቴ ተሰማ ሠዓሊ ነው። የተማረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ሥራው ሲገኝ ይገኛል፣ ሲጠፋ ደግሞ ይጠፋል፤ በጠፋበት ጊዜ ከኔ ጠላ አጠገብ ተቀምጦ «ዛሬ ጌሾው በዝቷል» ይለኛል። እንዲህ ያለ ባል ያላት ታውቀዋለች።

ቤቱ የኛ አልነበረም። የፊታውራሪ ዘለቀ ነበር። እሳቸው የሚኖሩት ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ነው፤ ንፋስ መውጫ የሚመጡት አልፎ አልፎ በበቅሎ ነው። ከኛ በፊት እዚያ ቤት የነበረው አንድ ሸማኔ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የፊታውራሪ በቅሎ ገበያው መሐል ጭቃ ላይ ተንበረከከች፤ ሸማኔው ሳቀ። ሌላ ጥፋት የለበትም፣ ሳቀ ብቻ። በሳምንቱ ሸማኔውም የሽመና ዕቃውም መንገድ ላይ ነበሩ። እኛም ይህን ስለምናውቅ በቅሎዋ ብቻዋን ስታልፍ እንኳ ፊታችንን ኮስተር አድርገን ነበር የምንቆመው።

እንዲህ ተጠንቅቀን ስንኖር ግርማ የሚባል አስተማሪ ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። ቀጭን ነው፤ ብርዱ እንዳይገድለው አንገቱን ጠምጥሞ ነው የሚውል። አዲስ አበባ ሰዎች ተሰብስበው ከቤት ቤት እየዞሩ ሥዕል ያያሉ አለን። ሊገዙ ነው? አልነው። የለም፣ ሊያዩ ነው አለ። አይተውስ? ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። እንዴት እንደሳቅን አትጠይቁኝ። እሱ ግን የሚሰማ ሰው አልነበረም። በየወሩ በሚካኤል ማግሥት ሰው መሰብሰብ ጀመረ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እዚያ መሪጌታ ኅሩይ በመቋሚያቸው የግድግዳውን ሥዕል እያመለከቱ ያስረዳሉ። ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች የሣሉት ተሰቅሎ ይታያል። ከዚያ ልብስ ሰፊው ታደሰ ዘንድ፤ የሱቁን ግድግዳ በመጽሔት ሥዕል ከላይ እስከ ታች ለጥፎታል። መጨረሻው የኔ ጠላ ቤት ነው። የኔ ቤት ለምን መጨረሻ ሆነ? ጠላ ጠጥቶ ሥዕል ለማየት የሚነሣ ሰው ስለሌለ ነዋ። አገሬው ነገሩን «የግድግዳ ማኅበር» ብሎ ስም አወጣለት፤ ሠልጥኖ ሳይሆን ደስ ብሎት ይዞረው ጀመር።

ችግሩ የኔ ግድግዳ ባዶ ነበር። ማኅበርተኛው ያን ሁሉ ዞሮ መጥቶ ጥቀርሻ ያያል። ግርማ ተሰማን አንድ ነገር ሣል እንጂ ብሎ ያዘው። ተሰማም አሰበ፣ አሰበና የፊታውራሪን መልክ ልሣል አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የገዛ መልካቸው ካለበት ቤት ማንን ያስወጣሉ? እዚህ ድረስ እኔም አመሰግነዋለሁ። ግን ግርማ አንድ መጽሐፍ ገልጦ አሳየው፤ በውጭ አገር ትልቅ ሰው የሚሣለው በጎኑ ነው አለው።

እኔ በዚያ ሰሞን የለሁም። እኅቴ ወልዳ እስቴ ሄጃለሁ። ተመልሼ በሩን ስከፍት ፊታውራሪ ዘለቀ ለምዳቸውን ደርበው፣ ሪዛቸውን አሹለው፣ ወደ ጓዳዬ እያዩ ግድግዳው ላይ ተቀምጠዋል። ቁርጥ እሳቸው። ዓይናቸው ግን አንድ ነው።

እናንተ የአሁን ልጆች ይህ ምን ያስደነግጣል ትሉ ይሆናል። በኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ጻድቅ የሚሣለው በሁለት ዓይን ነው። በጎኑ ዞሮ፣ አንድ ዓይን ብቻ ሆኖ የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው፣ ሰይጣን ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

«ሁለተኛው ዓይንስ?» አልኩት ተሰማን።

«በዚያኛው በኩል ነው» አለኝ።

«በየትኛው በኩል? ግድግዳው ውስጥ?»

ይህ የዓለም ሥዕል ስለሆነ የቤተ ክርስቲያን ሕግ አይሠራበትም፣ ግርማ ነግሮኛል አለኝ። ይህን ለፊታውራሪም ግርማ ይነግርልሃል አልኩትና ከጌሾው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የፊታውራሪ አሽከር መጣ። ጌታዬ መሣላቸውን ሰምተዋል፤ ለሚቀጥለው የግድግዳ ማኅበር ይመጣሉ አለን። ደስ ብሏቸዋል? ብዬ ጠየቅሁ። እሳቸው ሲደሰቱም ሲቆጡም ዝም ነው የሚሉ አለኝ። ጠላ ደጋግሜ ቀዳሁለት፤ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ፍቀው አልኩት ተሰማን። ፊታውራሪ መጥተው «የኔን ፊት ማን ፋቀው?» ሲሉ ምን ልበል? አለኝ። እውነቱን ነው፤ መሣሉ ቢያስወጣን መፋቁ ያሳስረናል። እንግዲያው ሁለተኛ ዓይን ጨምርበት አልኩት። በከሰል ሞከረው። ዓይኑ ሄዶ ጆሮው ላይ አረፈ። ቶሎ ብለን በጨርቅ አጠፋነው። በመጨረሻ ነጠላዬን ከላይ እስከ ታች ጋረድኩበት። ሥዕሉ አልደረቀም እንላቸዋለን ብዬ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጠላዬን ለጎረቤት ትቼ ከጠዋት ጀምሮ ተከተልኳቸው፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ፊታውራሪ ጥቁር ካባ ለብሰው መጡ። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ መሪጌታ ኅሩይ መቋሚያቸውን አነሡ። ሌላ ቀን ስለ ቀለሙ ነበር የሚያወሩ፤ የዚያን ዕለት ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ስለ ዓይን ጀመሩ። ሁለት ዓይን ያለው ጻድቅ ነው፣ አንድ ዓይን የሆነው ኃጥእ ነው ብለው አንድ በአንድ አሳዩ። ፊታውራሪ ነገሩ ጣማቸው። ስማዳ ይህን የነገረኝ ሰው የለም አሉ። እኔ ተሰማን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

ትምህርት ቤት ገባን። ፊታውራሪ መሪጌታን አላስጠጉም፤ ፍርዱን ራሳቸው ያዙት። «ይሄ ሁለት ዓይን ነው፣ ጻድቅ። ይሄም ጻድቅ።» አንዱ ተማሪ ዶሮ ሥሏል። ዶሮ መቼም በጎኗ ነው የምትሣል። ፊታውራሪ ቆም ብለው አዩዋት። «ይቺ ዶሮ ኃጥእ ናት» ብለው ፈረዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ግን ሸማኔው ትዝ አለኝና አፌን በእጄ ያዝኩ።

ታደሰ ሱቅ ደግሞ ከመጽሔት የተቆረጠች፣ በጎኗ ዞራ የምትስቅ ፈረንጅ ነበረች። እሷም ተፈረደባት። ተሰማ በዚያ ብርድ ላብ ያጠምቀዋል። ከዚህ ቤት ከወጣን ወደ እናቴ አገር እንሄዳለን አለኝ በጆሮዬ። ድስቴን፣ ጋኔን፣ ማድጋዬን በሐሳቤ አህያ ላይ ስጭን ከኔ በር ደረስን።

ፊታውራሪ ገቡ፤ ነጠላውን አዩት። ይህን አላሰብኩም ነበር። ለካ ተጋርዶ የሚቀመጥ ሥዕል ቅዱስ ሥዕል ነው። ፊታውራሪ የሳቸው መልክ ሌላ ግድግዳ ላይ ያለ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጅ ነሡ። እሳቸው እጅ ሲነሡ ሰው ሁሉ እጅ ነሣ። መሪጌታም ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አማተቡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። «ኧረ አይሆንም፣ እርስዎው ነዎት» ይባላል? እንዲህ እንደ ሰገዱ ጠላቸውን ጠጥተው ይሂዱ ብዬ ጸለይኩ።

በሩ ግን አልተዘጋም ነበር። ነፋሱም እንደ ልማዱ ገባ። ነጠላዬን ከሥሩ ገልቦ አነሣትና ከነምስማሯ መሬት ጣላት።

ፊታውራሪ ዘለቀ ከፊታውራሪ ዘለቀ ፊት ለፊት ቆሙ። አንዱ ሁለት ዓይን አለው፤ ሌላው አንድ። እሳቸው ቀና አሉ፣ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ፣ ቀስ ብለው ዞሩ።

«መሪጌታ፣ ያስረዱን እንጂ» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው መልሰው አወረዱት። የጠዋቱ ቃላቸው ገና ከሰው ጆሮ አልወጣም፤ ምን ይበሉ? ተሰማ ሊንበረከክ ጉልበቱን ማጠፍ ጀምሯል። ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቴ ይልቅ ግን ንዴቴ በለጠ። ቤቱን ያሞቅሁት እኔ፣ ጣሪያውን ያስከደንኩት እኔ፣ አሁን በአንድ ዓይን ምክንያት መንገድ ልወድቅ ነው? ስናደድ የመቀነቴን ቋጠሮ ማሸት ልማዴ ነው፤ የጠላ መሸጫዬን የምቋጥረው እዚያ ነው። እያሸሁ ሳለ የስሙኒው ጠርዝ ጣቴን ነካው። ፈታሁና አወጣሁት።

«የኔታ» አልኳቸው መሪጌታን፣ «መጀመሪያ ይችን ያስረዱኝ።» ስሙኒውን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።

አዩት። ጃንሆይ በጎናቸው ዞረው፣ በአንድ ዓይናቸው ወዲያ ያያሉ። መሪጌታ ፊታቸው አመድ መሰለ። ገልብጠው አንበሳውን አዩ፤ ቢያዩት ያው ስሙኒ ነው፤ መልሰው ገለበጡት። ፊታውራሪ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱና እሳቸውም ቀለማቸው ተለወጠ። አንድ ዓይን ኃጥእ ነው ብለው ሲፈርዱ የዋሉት እሳቸው ናቸዋ። ደጁ ላይ ሁለት የፖሊስ ወታደሮች ጠላ ይጠብቃሉ።

መሪጌታ ስሙኒውን በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ቅኔ እንደሚቀኝ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለተኛው ዓይን አለ አሉ። ወደ እግዚአብሔር ዞሮ ነው። ወደ እግዚአብሔር የዞረ ዓይን ለኛ ለኃጥአኑ አይታየንም።

ግርማ «ታዲያ የይሁዳስ?» ሊል አፉን ከፈተ። ልብስ ሰፊው ታደሰ እግሩን ረገጠለት። ታደሰን ስለዚህች ዕድሜ ልኬን እወደዋለሁ።

ፊታውራሪ ግድግዳውን አዩ።

«የኔም?» አሉ።

«የእርስዎም እንጂ፣ ጌታዬ» አሉ መሪጌታ።

ፊታውራሪ ሪዛቸውን አሻሹ። ተቀመጡ። ጠላ አዘዙ። ሲወጡ ተሰማን ጠርተው ነጠላዋን ከዚህ ሥዕል ላይ መልሰህ እንዳትሰቅል፣ ቤቱም የማንም አይደለም፣ የናንተው መኖሪያ ነው አሉት። እግራቸውን እርካብ ላይ ካደረጉ በኋላ ትዝ ሲላቸው ወደ ግርማ ዞሩ።

«ያቺ ዶሮ ጻድቅ ናት፤ ለልጁ ንገረው» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ በጎኑ መሣል አማረው። ተሰማ ሥራ በዛበትና ስለ ጌሾዬ ማውራት ተወ።

ዘመን አይቆምም። ፊታውራሪ በሞታቸው ሞቱ፣ ነፍስ ይማር፤ ከዚያ ደግሞ ዘመኑ ተገለበጠ። አንድ ቀን ካኪ የለበሱ ወጣቶች ጠላ ቤቴን ሞሏት። የባላባት ሥዕል ሰቅለሽ ታስመልኪያለሽ አሉ፤ ቤቱም ይወረሳል አሉ። ያው ፍርሃት ተመልሶ መጣ። ስንት ዓይን አለው? አልኳቸው። አንድ አሉ። እንግዲያው እኒያን አባት ጠይቋቸው ብዬ መሪጌታ ኅሩይን አሳየኋቸው፤ አርጅተው ጥጋቸውን ይዘው ይጠጣሉ።

«አንድ ዓይን ሆኖ የሚሣል ኃጥእ ነው» አሉ መሪጌታ። «ሕጉ የታወቀ ነው።»

ወጣቶቹ ደስ አላቸው። ተሰማን አንተ ገና ዱሮ የነቃህ ታጋይ ነህ ብለው ጨበጡት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ቤቱን ሳይነኩ ወጡ።

በሩን ዘግቼ መሪጌታ አጠገብ ሄድኩ። «የኔታ፣ ያ ወደ እግዚአብሔር የዞረው ዓይንስ?» አልኳቸው።

«እሱማ አለ» አሉኝ ዋንጫቸውን እየዘረጉ፤ «ማን ጠየቀኝ? ቅጂ።»