ሩዝ የበላው ኮምፒውተር

ለዚህ ጽሑፍ የምትሰጡኝን ጥቂት ደቂቃ በከንቱ አላጠፋባችሁም። አጠፋህብን የምትሉ ካላችሁ ወረታ ብቅ በሉ፤ እክሳችኋለሁ። በምን ትክሰናለህ ብትሉኝ፣ በሩዝ። እኛ ፎገራዎች ከሩዝ የበለጠ ምን አለን?

በእኛ አገር ሰው ሲታመም ሐኪም የማይሆን ጎረቤት እንደሌለ መቼም ታዝባችኋል። ራሱን ያመመው ሰው ከቤቱ እስከ አስፋልቱ እስኪደርስ አንዱ ዳማከሴ ያዝዝለታል፣ አንዱ ጤናዳም ያዝዝለታል፣ ሌላው ደግሞ ወንዛዬ ወርደህ ፍል ውኃው ውስጥ ተነከር ይለዋል። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ይህ ልማድ ደጅ የሚቀር መስሎኝ ነበር። አልቀረም፤ አብሮ ገባ። ኮምፒውተር ሲታመምም ሁሉም ሐኪም ነው። "አጥፍተህ አብራው።" "ጀርባውን መታ መታ አድርገው።" "ፀሐይ አስመታው።" ወንዛዬን ያዘዘለት ሰው ብቻ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ሰው የጣለውን እየፈታሁ፣ የፈታሁትን መግጠም እያቃተኝ ራሴን አስተማርሁ። ሰፈሩ "ኢንጅነር" ይለኛል። ማዕረጉን የሰጠኝ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን አታሚ የተበላሸበት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሳልጠየቅ የማብራራት አመል አለብኝና ቻሉኝ፤ ለምሳሌ ላፕቶፕ ለምን እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ? ሲያስብ ነው የሚሞቀው። ሆዱ ውስጥ ፋን የሚሏት ትንሽ ማራገቢያ አለች፤ እሷ ሙቀቱን በጎኑ ታወጣለታለች። እሷ ከታመመች እሱ ማሰብ ያቆማል። ይህችን ፋን አትርሱብኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ታላቅ እኅቴ ባንቺአየሁ፣ እኔ እታለም የምላት፣ በፎገራ ሜዳ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ መምህርት ናት፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ባሕር ዳር እየተመላለሰች ትማራለች። ያን ክረምት የመመረቂያ ጽሑፏን ጽፋ ጨርሳ፣ በሚመጣው ዓርብ ልታስረክብ እኛ ቤት መጥታ የመጨረሻውን እርማት ትሠራለች። ካላስረከበች ምርቃቷ ለከርሞ ይተላለፋል። የጥናቷ ርዕስ ሜዳው ውኃ ሲሞላ ተማሪዎች ለምን ከትምህርት ገበታ እንደሚቀሩ ነበር። ውኃው ጥናቱን ሰምቶ ነው መሰል፣ ቅዳሜ ቀን የጣራችንን ቀዳዳ አግኝቶ ቀጥ ብሎ የወረደው የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ነው።

"ፍላሽ ላይ ገልብጠሽዋል አይደል?" አልኋት።

"ፍላሼንማ ፊልም ልጫንበት ብለህ የወሰድኸው አንተ አይደለህ?"

ፊልሙን ለመጫን ፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እሷ እኔን አልጠረጠረችም።

እንግዲህ የማዳኑ ዕዳ የእኔ ሆነ። የረጠበ ዕቃ ምን ይደረጋል? ዓለም በሙሉ የሚለው አንድ ነው፤ ሩዝ ውስጥ ቅበሩት። ቪዲዮው ላይ አንዱ ስልኩን በአንዲት ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ውስጥ ቀብሮ ያሳያል። አያችሁ፣ ሌላው ዓለም ሩዝ በሳህን ነው የሚያውቀው። እኛ በጆንያ ነው። ሳህን ያዳነውን ጆንያ እንዴት አያድነውም ብዬ፣ ጓዳ ከቆመው ጆንያ ግማሹን አፍስሼ ላፕቶፑን አስተኛሁና መልሼ ሞላሁበት። የዘነጋሁት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ቪዲዮው ላይ ያለው ሩዝ ነጭ ነው፤ የእኛ ጆንያ ውስጥ ያለው ገና ያልተፈለፈለ፣ ከነገለባው፣ ከነአቧራው፣ ከነእብቁ። በወረታ ልጅ ዓይን ግን ሁለቱም ሩዝ ነው።

እታለም ጆንያውን አየት አድርጋ "ይኼ ነገር ይበቅላል እንዳትለኝ ብቻ" አለችኝ።

ሰኞ ቆፍሬ አወጣሁት። ደርቋል! አበራሁት። የሠሪውን ስም ስክሪኑ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ ከሆዱ "ጥርርር… ቀጭ… ጥርርር" የሚል ድምፅ ወጣና ድርግም አለ። ደግሜ አበራሁት፤ ደግሞ ድርግም። ጥቂት እንደታገልን ባትሪው አለቀ፤ ወዲያው የሰፈሩ መብራትም ሄደ። መቼም ክፉ ቀን ብቻውን አይመጣም።

ያን ጊዜ እታለም አንድ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ዕቃውን የገዛችበት የአዲስ አበባ ድርጅት የሰጣት የዋስትና ወረቀት ነው። ከብልሽት ዋስትና፣ ከነደንበኞች አገልግሎት ስልኩ። መብራት የማይጠፋበት ቦታ የጋሽ ሰይድ ወፍጮ ቤት ስለሆነ (መስመሩ ሌላ ነው) ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልለን ወደዚያ ሮጥን። ጋሽ ሰይድ ሩዝ ሲፈለፍሉ ነው የኖሩት፤ ቅንድባቸው ሳይቀር የእብቅ ቀለም ይዟል። ሶኬቱን በአገጫቸው አሳዩን። እኔም ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ደወልሁ።

መጀመሪያ ሙዚቃ ሰማን። "ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው" የምትል የተቀዳች ሴት አለች። ውድ ከሆነ ለምን አያነሱትም ብላችሁ አትጠይቁ፤ ውድ ነገር ይቀመጣል እንጂ ይነካል? ሙዚቃው ሦስት ጊዜ ዞሮ ሲያበቃ እውነተኛ ሰው መጣ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ሰላማዊት እባላለሁ። ምን ልርዳዎት?"

አንቱ ተባልሁ! በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ወገቤን ቀና አድርጌ ነገሩን አስረዳሁ፤ ውኃውንና ሩዙን ብቻ አስቀርቼ።

"ኮምፒውተሩ ላይ ውኃ ወይም ሌላ ፈሳሽ ፈስሶበታል?"

እታለም ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ውኃ ገባ ካልሁ ዋስትናውን ውኃ በላው። ግን ደግሞ አንቱ የተባለ ሰው እንዴት ይዋሻል?

"የለም" አልሁ።

"ባዕድ ነገር ገብቶበታል?"

ይኸኛው ቀለለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ፎገራ ላይ ሩዝ ባዕድ ነው ልበል? "ባዕድስ የለም።"

"ከሥር ያለው የዋስትና ማኅተም ተነስቷል?"

"ኧረ! እንዳለ ነው።" ይህች እንኳ እውነት ነበረች።

"በጣም ጥሩ። እንዳይነኩት። ማኅተሙ ከተነሳ ዋስትናው ይቋረጣል። ዕቃውን አዲስ አበባ ይላኩልን፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ታይቶ…"

"ዓርብ!" አለች እታለም ክንዴን ቆንጥጣ። "ዓርብ በላት!"

"ለዓርብ አይደርስም እመቤቴ?"

"ይቅርታ፣ አይደርስም።"

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ዋስትና ለሚሉት ነገር ነው እንዴ? እኛ ፎገራዎች ደግሞ ላም የምናውቀው መሬት ላይ ቆማ ስትታለብ ነው። ይህችኛዋ ላም አለች፤ ወረቀት አላት፤ ማኅተም አላት። ግን አትነካም።

ሰላማዊት ደግ ልጅ ናት። "እስቲ ስልኩን አስጠግተው ያብሩትና ድምፁን ልስማው" አለች። ወፍጮው ግን እንኳን ድምፅ ሐሳብም አያሰማም። ጋሽ ሰይድን በእጄ ለመንኋቸው። ወፍጮውን አጠፉት። ተራ የያዘች አንዲት ሴትዮ "እኛ እህል ይዘን ቆመን ለሣጥን ወፍጮ ይቆማል?" ብላ አጉረመረመች። አበራሁት።

ጥርርር… ቀጭ… ጥርርር። ድርግም።

ሰላማዊት "እ… ምናልባት የሶፍትዌር…" ስትል ጋሽ ሰይድ ከኋላዬ አንገታቸውን አሰገጉ።

"እብቅ ነው" አሉ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"እብቅ ነው እልሃለሁ። የእኔም ወፍጮ ማራገቢያው እብቅ ሲያንቀው እንዲህ ነው የሚንተባተበው። ይህች 'ቀጭ' የምትለዋ ደግሞ ከነገለባዋ ያለች ፍሬ ናት። ምን አብልታችሁት ነው?"

ከእኔ በፊት የእታለም ትዕግሥት አለቀ። "ሩዝ ነዋ ጋሼ! ውኃ ቢገባበት ጊዜ ይኼ ኢንጅነር ተብዬ ጆንያ ውስጥ ቀበረው!"

ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው ብያችኋለሁ። ወፍጮ ቤቱ ሰማ። አዲስ አበባም ሰማች።

"ሄሎ?" አለች ሰላማዊት። "ሩዝ ነው ያሉት?"

"አዎ" አልሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ግን ለማደር እንኳ ጊዜ አላገኘም።

"የተፈለፈለ ነው ያልተፈለፈለ?"

"ያልተፈለፈለ።"

ስልኩን በመዳፏ ስትሸፍነው ሰማሁ። ከመዳፏ ሥር ሳቅ ይሁን ሳል የሚመስል ነገር አመለጠ። ስትመለስ የሥራ ድምፅዋን ይዛ ነው። "ይቅርታ፣ ፈሳሽና ባዕድ ነገር ስለገባበት ዋስትናው ተቋርጧል።"

እታለም አጠገቧ ያለው ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ቢያለቅስ የሚሻል ፊት ታውቃላችሁ? እሱ ነው። "ከርሞ…" አለች ለራሷ። ተራ የያዘችው ሴትዮ እንኳ ስለ እህሏ ማውራት ተወች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ጠላሁ አልልም ነበር።

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠራረጉ። "እስቲ ጠይቅልኝ። ዋስትናው ተቋረጠ ማለት፣ ብንከፍተው የሚከለክለን የለም ማለት ነው?"

ጠየቅሁ።

"አዎ" አለች ሰላማዊት። "አሁን የእርስዎ ነው።"

እኅቴ በገዛ ገንዘቧ ከገዛችው ዓመት ሊሞላው ነው። የእኛ የሆነው ግን ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ሰላማዊት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከፊቷ ካለው ወረቀት ማንበብ የተወች መሰለኝ። "እንደከፈታችሁት መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። ፋኗን ስታጸዱ እንዳትሽከረከር በጣት ያዟት። እፍ አትበሉባት፤ ትንፋሽም እርጥበት አለው። እኔ አልነገርኋችሁም።" አንቱታው የት እንደገባ እንጃ፤ ግን ይህ ወዳጅነት ነው መሰል፣ ከአንቱታው በለጠብኝ።

ጋሽ ሰይድ "ቢስሚላህ" ብለው ማኅተሙን ላጡት። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ሰፌድ ላይ ደረደሯቸው፤ ወፍጮ ሲፈቱም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። እኔ እስከዚያ ቀን ብሎን የምደረድረው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለምን ሁልጊዜ አንድ እንደሚተርፈኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ አውድማ ይመስላል። በፋኗ ክንፎች መሀል አንዲት የሩዝ ፍሬ፣ ከነገለባዋ፣ ጎረምሳ በር ላይ እንደሚቆመው ተገትራ ቆማለች። በወረንጦ አወጧት። እብቁን በትንሽ ብሩሽ ጠረጉት። መልሰን ገጠምነው። አንድም ብሎን አልተረፈም።

በራ። ፋኗ ሳትንተባተብ እንደ ንብ እያዜመች መሽከርከር ጀመረች። ስክሪኑ ስሙን ጽፎ ጨረሰ። እታለም ጋሽ ሰይድን ከማመስገኗ በፊት ፍላሿን ከኪሴ በገዛ እጇ መዝዛ ፊልሜን አጠፋችና ጽሑፏን ገለበጠች። ዋናው ተዋናይ ይሙት ይትረፍ እስካሁን አላወቅሁም።

ዓርብ አስረከበች። ምስጋና በሚለው ገጽ ላይ የጋሽ ሰይድ ስም አለ፤ የእኔ የለም። አማካሪዋ "እኒህ ሰው የትምህርት ባለሙያ ናቸው?" ብሎ ቢጠይቃት "ለወንድሜ ናቸው" አለችው አሉ።

ከዚያ ወዲህ በወረታ ላፕቶፕ የሞቀበት ሰው የሚሄደው ወፍጮ ቤት ነው። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ያስጠጉና "አቧራ ነው" ወይም "ይኼስ የእኔ አይደለም" ይላሉ። ኢንጅነር የሚባሉትም እሳቸው ሆነዋል። እኔ ሰፌድ እይዛለሁ።

ያም ሆኖ አመሌ አልተወኝም፤ ሩዙን ፈተንሁት። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ እኩል አርጥቤ፣ አንዱን ሩዝ ውስጥ ቀበርሁ፣ አንዱን ነፋስ በሚያገኘው መስኮት ላይ ሰቀልሁ። ቀድሞ የደረቀው የመስኮቱ ነው! ስንት ላፕቶፕ ነፋስ አጥቶ በሩዝ ተቀበረ? እኔን አትመኑኝ፤ ጨርቅ የሌለበት ቤት የለም፣ አሁኑኑ ሞክሩት። ዕቃችሁ ሲረጥብ አጥፉት፣ ደፍታችሁ ነፋስ አስመቱት፣ ሩዙን ብሉት። ጽሑፋችሁንም ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ ፍላሹን ደግሞ ለወንድማችሁ አታውሱ።

ከዚያ ጆሯችሁን ወደ ኮምፒውተራችሁ ጠጋ አድርጉ። ዝም ብላችሁ አድምጡት። ጥርርር ካለ ግን፣ አዲስ አበባ ከመደወላችሁ በፊት ምን እንዳበላችሁት አስታውሱ።